ከሰንጋ ተራ ስንት ታሪክ ይወጣል?

«መጻፍ እችላለሁ፤ ግን ስለ ምን ልጻፍ? ማንስ ከፍሎ ያሠራኛል?» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል። አብዛኞቹ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የምትደግፍ ገቢ የሚፈልጉ ናቸው። እኔ የገበያ ጥናትና ማስታወቂያ ባለሙያ ስለሆንኩ ከጸሐፊዎቹ ማዶ ነው የምቀመጠው፤ ጽሑፍ አሠሪ ነኝ።

ሐሳብ ሩቅ አይደለም። ሰንጋ ተራን እንውሰድ። ስሙ እንደሚነግረን ሰንጋ የሚሸጥበት ሰፈር ነበር፤ ዛሬ የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ተሰልፈውበታል። ይህ ግን ርዕሰ ጉዳይ እንጂ ገና ታሪክ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የመጀመሪያው የ40/60 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ 972ቱ መኖሪያ ቤቶች የዚሁ የሰንጋ ተራና የክራውን ሳይቶች ነበሩ። «ስለ ጋራ መኖሪያ ቤት ኑሮ ልጻፍ» የሚል ሐሳብ አዘጋጁን አያንቀሳቅሰውም። «የሰንጋ ተራ ፎቅ ላይ የሚያድጉ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የት ይጫወታሉ?» ሲባል ግን የምትጠየቅ እናት፣ ሄደው የሚያዩት ግቢ ይገኛል።

ጳውሎስ ኞኞ ይህን ከማናችንም በፊት ያውቅ ነበር። መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለው ይህ ጋዜጠኛ በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የተባለውን ዝነኛ ዓምድ ያቆመው በአንባቢ ጥያቄ ነው። የታክሲ ሰልፍ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ዛሬም ያንኑ ይሰጣሉ። ሦስት ሰው የደጋገመውን ጥያቄ ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ።

ሥራውን ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው። ያለቀ ጽሑፍ ከመላክዎ በፊት አንድ አንቀጽ ይላኩ፦ ጥያቄው ምንድን ነው፣ ማንን ያነጋግራሉ፣ ለምን አሁን? ብዙ ሰው የሚወድቀው የመጨረሻው ላይ ነው። ወርኃዊ መጽሔት የመስከረምን ጉዳይ የሚያስበው በሐምሌ ስለሆነ በጳጉሜን የመጣ ሐሳብ ለከርሞ ይቀመጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ ደህና የሚከፍለው ማንም የማይመኘው ሥራ ነው። ባንኮች የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ 23 ይዘጋሉ፤ ከዚያ ለባለአክሲዮኖች ጉባኤ የሚቀርብ ዓመታዊ ሪፖርት ይዘጋጃል። ቁጥሩን ሒሳብ ክፍል ይሰጣል፤ ቁጥሩን ለተራ ሰው በሚገባ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን እንደ ልብ አይገኝም። የሚደወለውም ብዕሩ ለሚጣፍጠው ሳይሆን ባለፈው ዓመት በቀጠሮው ላስረከበው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ እርማቱ ስንት ጊዜ እንደሆነ በጽሑፍ ይስማሙ። የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ከቃል ይሻላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብትንና የሞራል መብትን ለያይቶ ያያል፤ ስለዚህ ስምዎ ይወጣ እንደሆነ፣ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ማውጣት ይችሉ እንደሆነ አብረው ይጠይቁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አስቀድመው ያውጡ፤ በዚህች ቁጥር ምክንያት ሒሳብ ክፍል ደጃፍ ሲመላለሱ የከረሙ ጎበዝ ጸሐፊዎች አይቻለሁ።