የሩሲያ የጦር ዘጋቢዎችና ጄኔራሎቻቸው፦ ትችት የሚፈቀደው እስከ የት ድረስ ነው?

እ.አ.አ. የ2023 አዲስ ዓመት በገባ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በሩሲያ ቁጥጥር ሥር ባለችው የምሥራቅ ዩክሬን ከተማ ማኪይቭካ፣ በክተት ጥሪ የተሰበሰቡ የሩሲያ ወታደሮች ያረፉበት የሙያ ትምህርት ቤት በዩክሬን ሮኬቶች ተመታ። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር 89 ወታደሮች መሞታቸውን አስታውቆ፣ ዋነኛው ምክንያት ወታደሮቹ ክልከላ ተላልፈው የእጅ ስልክ መጠቀማቸው ነው አለ።

ማብራሪያው ብርቱ ቁጣ ቀሰቀሰ። ከተቆጡት መካከል ጎልተው የተሰሙት የጦርነቱ ተቃዋሚዎች ሳይሆኑ ቀንደኛ ደጋፊዎቹ ነበሩ። ያን ያህል ሰው በአንድ ሕንፃ ያጎሩ አዛዦች እያሉ ጥፋቱን በሟቾች ላይ ማላከክ አይገባም ሲሉ ጻፉ።

ጸሐፊዎቹ እነማን ናቸው?

ሩሲያውያን "ቮየንኮር" ይሏቸዋል፤ የጦር ዘጋቢ ማለት ነው። ከፊሎቹ የቀድሞ ወታደሮች፣ ሌሎቹ ጋዜጠኞች ናቸው። ብዙዎቹ በቴሌግራም በርካታ ተከታዮች አሏቸው። ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው ድሮንና ሌላ ቁሳቁስ ወደ ግንባር ስለሚልኩ፣ የወታደሩን ብሶት ከራሱ አንደበት ይሰማሉ። ከጦሩ አመራር ጋር የሚያጋጫቸውም ይኸው ነው።

ለምን ዝም ተባሉ?

ሩሲያ እ.አ.አ. በማርች 2022 ባወጣችው ሕግ፣ ስለ ጦሩ "ሐሰተኛ መረጃ" ያሰራጨ ሰው እስከ 15 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ጦርነቱን የተቃወሙ በርካቶች በዚህ ሕግ ወኅኒ ወርደዋል። ደጋፊ ዘጋቢዎቹ ግን ጄኔራሎችን ሲወቅሱ በአመዛኙ አልተነኩም። ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን እንዲያውም በጁን 2023 በክሬምሊን ተቀብለው ከሁለት ሰዓት በላይ አነጋግረዋቸዋል፤ የድሮንና የመገናኛ መሣሪያ እጥረት መኖሩንም በዚያው አምነዋል።

ለዚህ ትዕግሥት ሁለት ምክንያቶች መጥቀስ ይቻላል። አንደኛ፣ በየእርከኑ ያሉ አዛዦች ለበላይ የሚደብቁትን ጉድለት ዘጋቢዎቹ ያወጡታል። ሁለተኛ፣ ወቀሳው ከጄኔራሎቹ አያልፍም። "ንጉሡ ደግ ነው፤ ክፉዎቹ ሹማምንቱ ናቸው" የሚለው አስተሳሰብ በሩሲያ የቆየ ነው።

መስመሩ የት ላይ ነው?

የቀድሞ የጸጥታ መኮንን ኢጎር ጊርኪን ለወራት የጦሩን አመራር ያለ ርኅራኄ ሲዘልፍ ከርሟል። የታሰረው በጁላይ 2023፣ ፑቲንን ከዘለፈ በኋላ ነው። በጃንዋሪ 2024 ወደ አክራሪነት ቀስቅሰሃል ተብሎ አራት ዓመት ተፈረደበት።

ሁለተኛው መስመር የሟቾች ቁጥር ነው። በጦሩ ውስጥ ያገለግል የነበረው ጸሐፊ አንድሬይ ሞሮዞቭ፣ ሩሲያ አቭዲይቭካን ለመያዝ 16,000 ያህል ሰው እንዳጣች በፌብሩዋሪ 2024 ጻፈ። ጽሑፉን እንዲያነሳ ጫና እንደደረሰበት ገልጾ አነሳው፤ ብዙም ሳይቆይ ሕይወቱ አለፈ። ራሱን ማጥፋቱም ተዘግቧል።

ሚኒስቴሩ በጦርነቱ የሞቱ ወታደሮቹን ጠቅላላ ቁጥር በሴፕቴምበር 2022 ይፋ ሲያደርግ 5,937 ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጠቅላላ ቁጥር ሳያወጣ ጦርነቱ ዓመታት ቀጥሏል። ስለዚህ በዘጋቢዎቹና በጄኔራሎቹ መካከል ያለው ሙግት ጦርነቱ እንዴት ይመራ የሚል እንጂ ጦርነቱ ይገባል ወይ የሚል አይደለም። በዚህ አጥር ውስጥ ስለ ጎደለ ድሮን መጮኽ ይቻላል። ስንት ልጅ እንዳልተመለሰ መቁጠር ግን አሁንም ዋጋ ያስከፍላል።