ቀይ ቀበሮ የማን ዘመድ ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የአራዊትን ስም የሚያወጣ ግን ሰው ነውና አንዳንድ ጊዜ መልክ ያታልለዋል። ለዚህም በአገራችን ውርጭ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ጥሩ ምስክር ነው።

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳትን ሁሉ በሁለት ቃል የመሰየምን ሥርዓት አቆመ። ፊተኛው ቃል ወገኑን፣ ኋለኛው ዓይነቱን ያመለክታል። በ1830ዎቹ ዓመታት የስሜንን ተራራዎች የጎበኘው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔል በዚሁ ሥርዓት አውሬውን «ካኒስ ሲሜንሲስ» አለው፤ ይኸውም የስሜን ውሻ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ በበኩሉ በ1868 ከውሻ ወገን ለይቶ «ሲሜኒያ» የሚባል የብቻ ወገን አወጣለት። ሌሎችም ቀበሮ ነው እያሉ ጻፉ።

እንዲህ ያሰኛቸው መልኩ ነው። አፈ ሙዙ ረጅምና ቀጭን፣ ጥርሶቹም የተራራቁ ናቸው። ነገር ግን ይህ መልክ የኑሮው ውጤት ነው። በባሌ ከሚበላው ከ10 እጅ 9ኙ የሚበልጠው አይጥና ፍልፈል ነውና፣ ለዚህ አደን የሚመች አፍ ያላቸው በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ እየተረፉ፣ እየተዋለዱ መጡ። ዝግመተ ለውጥ የሚባለውም ይኸው ነው። ሲያድን ብቻውን ነው፤ ሲኖር ግን ከቤተ ዘመዱ ጋራ ሆኖ ግዛቱን ይጠብቃል።

በ1994 የዘር ቅንጣት ምርመራ እውነተኛውን ዝምድና ገለጠ። አውሬው ጀርባው ጥቁር ከሆነው የአፍሪካ ቀበሮ ይልቅ ለግራጫው ተኩላ የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ። የሩፔል ስያሜ ጸና፤ ዛሬም በዓለም ዘንድ የኢትዮጵያ ተኩላ እየተባለ ይጠራል።

«ታዲያ ቀበሮ ቢባል ተኩላ ቢባል ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ የተኩላ ዘመድ ከሆነ የውሻም ዘመድ ነው። ስለዚህ ወደ ደጋው ከሚወጣው የመንደር ውሻ ጋራ ይዳቀላል፤ ዘሩም ይበረዛል። የውሻም ደዌ ይጋባበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 በባሌ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቤተሰቦችን ፈጅቷል። በምድር ላይ የቀሩት በጠቅላላው 500 ያህል ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉ፣ እርሻና ከብት ከዓመት ወደ ዓመት በሚያጠብባቸው ተራራዎች ላይ ተነጣጥለው ይኖራሉ። በ2018 በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ ክትባት በባሌ ሥራ ላይ መዋል መጀመሩ ተስፋ ነው።

እንግዲህ የአራዊት አከፋፈል ለፈተና ተጠንቶ የሚረሳ የስም ዝርዝር አይደለም። የማን ዘመድ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ጥፋቱ በየት በኩል እንደሚመጣበትም ያውቃል። በደጋው ወረዳዎች የተመደበ ወጣት ሹምም ይህን አውሬ ለመጠበቅ ሲያስብ፣ የመንደሩን ውሾች በማስከተብ ይጀምር።