ዕድልና ብልሃት በአንድ ሰሌዳ ላይ

ቼዝ ከብዙ ጨዋታዎች የሚለይበት ዋና ጠባይ ምስጢር የሌለበት መሆኑ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች 32ቱን ጠጠሮች እኩል ያያሉ፤ የተሸነፈም ሰው በዕድሉ ሊያመካኝ አይችልም። ነገር ግን በእውነተኛ ጦርነት የጦር አለቃ የጠላቱን ብዛት ቢያይ እንኳ ጉልበቱን አያውቅም፤ ጉልበቱን ቢያውቅም ውጊያው እንደ ገመተው ላይውልለት ይችላል። እነዚህን ሁለት ዓይነት ጥርጣሬዎች ወደ ቼዝ ሰሌዳ ብናገባቸው ጨዋታው ይበላሻል ወይስ ይሻሻላል? ልናስረዳ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

አሳቡ በከፊል አሮጌ ነው። አል ቢሩኒ በ11ኛው መቶ ዓመት ስለ ህንድ ሲጽፍ፣ አራት ሰዎች በዳይስ የሚጫወቱትን የሰንጠረዥ ዓይነት ገልጿል፤ በዚያ ዳይሱ የሚወስነው የትኛው ጠጠር እንደሚንቀሳቀስ ነበር። ፎን ራይስቪትስ የተባለው የፕሩሲያ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1824 ባወጣው የጦርነት ጨዋታ ደግሞ የውጊያው ውጤት በዳይስ ይወሰን ነበር፤ ያልታየውን የጠላት ጦር ለመሰወር ግን ዳኛ ያስፈልግ ነበር። ስትራቴጎ በሚባለው ጨዋታ የጠጠሮች ማዕረግ ይሰወራል፤ ሲጋጠሙ ግን የሚፈርደው ማዕረጋቸው ነው እንጂ ዳይስ አይደለም።

በአገራችንም ጥንታዊው ሰንጠረዥ የሚጀመረው «ወረራ» በሚባለው ክፍል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር። እንግዲህ ከውጊያ በፊት የባላጋራን አሳብ ከአሰላለፉ ማንበብ ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም።

እኛ የምናቀርበው ደንብ ይህ ነው። አካሄዱ እንደ ተለመደው ቼዝ ይሁን። ከንጉሡ በቀር እያንዳንዱ ተጫዋች 15 ጠጠሮች አሉት፤ ለአምስቱ 1፣ ለአምስቱ 2፣ ለአምስቱ 3 የኃይል ቁጥር በስውር ይሰጣል። ዕቃው ውድ አይደለም፤ 32 ቆርኪ ሰብስቦ በጀርባው የጠጠሩን ስም፣ በሆዱ ኃይሉን መጻፍ ይበቃል። አንዱ ሌላውን ሊይዝ ሲመጣ ሁለቱም ዳይስ ይጥላሉ፤ በወጣው ላይ ስውሩ ቁጥር ይደመራል። የበለጠው ይቆያል፣ ያነሰው ይወጣል። የተሸነፈው ይገለጣል፤ ያሸነፈውም ለባላጋራው ከታየ በኋላ ተመልሶ ይደፋል። ወታደር ወደ ንግሥትነት ቢያድግ ቁጥሩ አይለወጥም።

እኩል ቢሆኑስ? ይህ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ የጨዋታውን መልክ ይወስናል። ሁለት ዳይሶች በ36 መንገድ ሊወድቁ ይችላሉ። እኩልነት ለተከላካይ ቢፈረድ፣ በኃይል እኩል የሆነ አጥቂ የሚያሸንፈው ከ36 በ15ቱ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ማንም ደፍሮ አይነሣም፤ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ለአጥቂ ቢፈረድ ግን በ21ዱ ያሸንፋል፤ ስለዚህ ለአጥቂ ፈርደናል። በዚህ ደንብ አጥቂው በአንድ ቢበልጥ 26፣ በሁለት ቢበልጥ 30፤ በአንድ ቢያንስ 15፣ በሁለት ቢያንስ 10 መንገድ አለው። ኃይሉን ከ1 እስከ 6 ብናደርገው ኖሮ 6 ያለው 1ን ባጠቃ ጊዜ ሁሉ ያሸንፍ ነበር፤ ዳይሱም በዚያ ግጥሚያ ከንቱ ይሆን ነበር። ሁሉንም እኩል ብናደርግ ደግሞ ዳይስ ብቻውን ይነግሥ ነበር።

ንጉሡ ግን ከዳይስ ነጻ ይሁን። ሲይዝም ሆነ ሲያዝ ዳይስ አይጣልም፤ ጨዋታውም የሚያልቀው ንጉሡ ሲያዝ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ልብ እንበል፤ ንጉሡ በተጠቃ ጊዜ አጥቂውን በሌላ ጠጠር ለመያዝ መሞከር ዋስትና የለውም፤ ዳይሱ ከከዳ ንጉሡ በሚቀጥለው ተራ ይወሰዳል። ሸሽቶ ማምለጥ ወይም መንገዱን መዝጋት ግን ዳይስ አይጠይቅም። በተለመደው ቼዝ እኩል የነበሩት መዳኛዎች እዚህ ይለያያሉ።

አንባቢ «ታዲያ ይህ ቁማር አይደለምን?» ሊለን ይችላል። መልሳችን እነሆ። የዳይሱን ውጤት ማንም አያውቅም፤ የቆርኪውን ሆድ ግን ባላጋራችን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሊደረስበት ይችላል። 2 ኃይል ያለው ጠጠር በጨዋታው መጀመሪያ አንድ ያልታወቀ ጠጠር ቢያጠቃ፣ የማሸነፍ ተስፋው ከመቶ 57 ያህል ነው። የባላጋራው አምስቱ ባለ 3 ጠጠሮች ተገልጠው ካለቁ፣ ከቀሩትም ስውሮች ባለ 1ና ባለ 2 እኩል ከሆኑ፣ ተስፋው ወደ 65 ይወጣል። ዳይሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዕውቀታችን ነው። ደግሞም ንግሥቱን ዘወትር ባለ 3 የሚያደርግ ሰው ፈጥኖ ይታወቅበታል፤ ባለ 1 አድርጎ በድፍረት የሚያስኬዳት ግን ባላጋራውን ያሸሻል፤ ባለ 3 ወታደር እስኪደፍራት ድረስ።

ስለዚህ ዳይስ ያለበት ጨዋታ ሁሉ የሰነፍ ጨዋታ ነው ማለት አይገባም። በአንድ ውጊያ የተሸነፈ ሰው በዕድሉ ሊያዝን ይችላል፤ የተገለጠውን ሳይቆጥር፣ የተደበቀውን ሳይመረምር አሥር ጊዜ የተዋጋ ግን በዳይሱ ሊያመካኝ አይገባውም። ቆርኪ ከየሻይ ቤቱ አይታጣም፤ የፈለገ ጓደኛውን ጠርቶ ይሞክረው፤ ደንቡን የሚያሻሽል አሳብ ያገኘም ለሌሎቻችን ያካፍለን።