እንፋሎትና መርዶ፦ የወጣቶች ስቲምፓንክ ልብ ወለድ በጎንደር ምድር

ስቲምፓንክ የሚባለው የምናባዊ ልብ ወለድ ዘርፍ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ዓለም በእንፋሎት ኃይል ላይ እንደጸናች ብትቀር ኖሮ ምን ትመስል ነበር? ሰማዩ በአየር መርከብ ይሞላል፣ ከተማው በናስ ቧንቧና በጥርስ መንኮራኩር ይንቀሳቀሳል፣ እግሩን በጦርነት ያጣ ሰው ወደ ብረት ሠሪ ሄዶ የሚራመድ እግር ያስገጥማል። ስያሜውን ያወጣው አሜሪካዊው ደራሲ ኬ. ደብልዩ. ጄተር ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1987 ነበር። ሥራው ግን ከስያሜው ይቀድማል፤ ዘርፉ የዡል ቬርንንና የኤች. ጂ. ዌልስን የ19ኛ ክፍለ ዘመን ምናብ እንደ ቀደምት አባቶቹ ይቆጥራል።

ለወጣቶች የተጻፉትን የዘርፉን ሥራዎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ማሽኑ ጌጥ ነው፤ ታሪኩ የሚቆመው በሐዘን ላይ ነው። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሪቭ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው «ሞርታል ኤንጂንስ» ከተሞች በጎማና በሰንሰለት እየተንቀሳቀሱ እርስ በርስ ይዋዋጣሉ። የመጽሐፉ ልብ ግን ሄስተር ሾ የምትባል፣ ወላጆቿ ተገድለውባት ፊቷ ላይ ጠባሳ የቀረባት ልጅ ናት። ያሳደጋት ግማሽ ሰው ግማሽ ብረት የሆነ ፍጡር እንደ እሱ ማሽን እንድትሆን ይፈልጋል፤ ማሽን ከሆነች ሕመሙ አይሰማትምና። እሷም ለአንድ አፍታ እሺ ልትል ትቃረባለች። በስኮት ዌስተርፌልድ «ሌቪያታን» (2009) ደግሞ ወላጆቹ የተገደሉበት አሌክ በብረት እግር በሚራመድ ማሽን ተሳፍሮ በሌሊት ይሸሻል። የልጁን ሐዘን ከመጽሐፉ ብታወጡት የሚቀረው የማሽን ካታሎግ ነው።

ዘርፉ ለረጅም ጊዜ የሎንዶን ጭስና የቪክቶሪያ ዘመን ቀሚስ ምርኮኛ ሆኖ ቆይቷል። ይህ የተሰበረው በቅርብ ጊዜ ነው። ኒሲ ሾል «ኤቨርፌር» በተባለው መጽሐፏ (2016) በቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ግፍ ሥር የነበረችውን ኮንጎ ወስዳ ሌላ ዕድል ሰጠቻት፤ ፒ. ጄሊ ክላርክ ደግሞ ታሪኩን በ1912 ካይሮ አደረገ። የእኛ ደጋና ቆላ እስካሁን ተራውን ይጠብቃል። የሚያስቆጨኝ እንፋሎትና ሐዘን በአንድ ታሪክ ውስጥ ተጋምደው የሚገኙበት አገር ከጎንደር አካባቢ የበለጠ አለመኖሩ ነው።

ነገሩን ከደባርቂ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1848 የቋራው ካሣ፣ ኋላ አጼ ቴዎድሮስ፣ በሱዳን ወሰን ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው በመድፍ ተሸነፉ። የጀግንነት ጉድለት አልነበረም፤ ጎራዴና ጋሻ የያዘ ሰው የመድፍ አፍ ውስጥ ገባ እንጂ። ከዚያ ቀን በኋላ መድፍ የሳቸው የሕይወት ጥያቄ ሆነ። በ1858 የሚወዷቸው ባለቤታቸው ተዋበች ዐሊ ሞቱ፤ በ1860 (እ.ኤ.አ.) ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ጆን ቤል ተከታትለው ተገደሉ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሡ ጠባይ መክረሩን ከእነዚህ ሞቶች ጋር ያያይዙታል። በእነዚያው ዓመታት ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የብረት ማቅለጫ ይነድ ነበር። አውሮፓውያኑ ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ የመጀመሪያ ሙከራዎች ከሸፉ፤ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ። መንገድ እየተጠረበለት፣ በመቶ በሚቆጠር ሰው እየተጎተተ፣ ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 (እ.ኤ.አ.) ተጉዞ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ነው። የንጉሡ ምርኮኛ የነበረው የሐኪሙ የሄንሪ ብላንክ ማስታወሻ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ንጉሡ ጣና ላይ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር በጎንና በጎኑ የተገጠመለት የደንገል ጀልባ አሠርተው ሞክረዋል። ይህን ያነበበ ወጣት ደራሲ ምናብ ፍለጋ ሌላ አገር መሄድ አያስፈልገውም።

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ እውነተኛው እንፋሎት መጣ። ምርኮኞቹን ለማስፈታት የተላከው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ዙላ ላይ ወረደ፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ጉዞ ጀመረ፤ እናቱም በመንገድ ላይ ሞተችበት። አባትና እናቱን በሳምንታት ልዩነት ያጣ ልጅ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደማያውቀው አገር ሄደ፤ በ18 ዓመቱም በ1879 (እ.ኤ.አ.) ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ እንዲመለስ ኢትዮጵያ በተደጋጋሚ ጠይቃለች፤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እንደማይሆን አስታውቋል። ይህ ልጅ የእውነት ልጅ ነው፤ የማንም ደራሲ አሻንጉሊት ሊሆን አይገባም። ሆኖም እሱን የሚያውቅ ጸሐፊ ከማሽን ጀርባ የቆመ ሕፃን ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያውቃል።

በጋፋት ከነበሩት መካከል ቴዎፍል ዋልድማየር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነበር፤ የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ የጎንደር አማች ሆኗል። ከመቅደላ በኋላ ሊባኖስ ገባ፤ በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ካረጀ በኋላም ገንዘብ ለምኖ ቤሩት አጠገብ አስፉሪዬ ላይ በ1900 (እ.ኤ.አ.) የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቆመ፤ ለአካባቢው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። መድፍ የሠራ እጅ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ሠራ። ጋፋት ያየው ነገር ከአስፉሪዬ ጋር ምን እንዳገናኘው ሰነድ ላይሰጠን ይችላል፤ ልብ ወለድ ግን ሊጠይቅ ይችላል።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ፤ የሳንጃ ከተማ ከዚህ ሁሉ ምን አላት? የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር ደጋ ወርዶ ሙቀቱ ሰውን የሚቀበልበት፣ የሰሊጥና የማሽላ አገር። በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ አርማጭሆ እንደ ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ (አሞራው) ያሉ አርበኞች የታገሉበት ቆላ ነው። ለስቲምፓንክ ደራሲ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ሰሊጡ ነው። ሰሊጥ ሲደርቅ ፍሬ መያዣው ይሰነጠቅና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል፤ ስለዚህ በዓለም ላይ አብዛኛው ሰሊጥ እስከ ዛሬ በእጅ ይታጨዳል፤ ከየአገሩ የመጣ የቀን ሠራተኛ በጥቅምትና በኅዳር እያጎነበሰ ያጭደዋል፣ በነዶ አስሮ ያቆመዋል። አጫጅ ማሽን የሚፈለስፍ ወጣት ገጸ ባሕርይ እዚህ ቆላ ላይ ይሸነፋል፤ መሸነፉም እውነት ይሆናል። ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ በግመል የሚዞር የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ አለ፤ ግመሉን በእንፋሎት መተካት የአንድ ምዕራፍ ሥራ ነው። ሌላም አለ፤ እንፋሎት ውሃና እንጨት ይበላል። በቆላው በጋ ሁለቱንም ማን እንደሚያገኝና ማን እንደሚጠማ ያልጠየቀ ደራሲ ዓለሙን ገና አልሠራውም። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቆላው ላይ ከዚያ ይበልጣል። የማሽን ሠሪ ልጅ ይህን በእጇ ታውቀዋለች።

የብረት ነገር ሲነሣ የአገራችን ትልቁ ቁስል አብሮ ይነሣል። ማረሻውን የሠራ፣ ማጭዱን የሳለ፣ ጠመንጃውን የጠገነ ሰው «ቡዳ» ተብሎ ይሰደብ ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ጎንደር አካባቢ ይህ ስድብ በዋናነት ቤተ እስራኤል ወገኖች ላይ አርፏል፤ ቀጥቃጭነትና ሸክላ ሥራ የእነሱ ሙያ ነበርና። አርማጭሆም ከሰፈሩባቸው አገሮች አንዱ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ብዙዎች በእግር ወደ ሱዳን ሄዱ፤ በ1984 እና 85 (እ.ኤ.አ.) «ዘመቻ ሙሴ» 8,000 ያህሉን ከሱዳን ወደ እስራኤል ወሰደ፤ በግንቦት 1991 «ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ አጓጓዘ። አሜሪካዊቷ ጄን ከርትዝ በኢትዮጵያ ያደገች ደራሲ ናት፤ በ1998 ያወጣችው የወጣቶች ልብ ወለድ «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» አንዲት የቅማንት ልጅና አንዲት ዓይነ ስውር የቤተ እስራኤል ልጅ በዚያው ስደት ላይ እንዴት ከፍርሃት ወደ መተማመን እንደሄዱ ይተርካል። እንፋሎት የለበትም፤ የጉዳዩ ቅርብ ዘመድ ግን እሱ ነው። እኔ የምጠብቀው የአማርኛ ስቲምፓንክ ጀግና የቀጥቃጭ ልጅ ናት፦ ወናፉን የምትነፋ፣ ጉጠቱን የምትይዝ፣ መስፉ ላይ የተኛውን የጋለ ብረት ቀለሙን አይታ የምትመታበትን ቅጽበት የምታውቅ። ብርቱካንማ ሲሆን ይታጠፍላታል፤ ወደ ቀይ ከወረደ ይሰነጠቅባታል። ሙያዋን ሁሉ ሰው ይፈልገዋል፤ እሷን ግን ማንም ማዕዱ ላይ አያስቀምጣትም። የምትድነው ከዚህ ቁስል ነው።

ማዳኑስ? እዚህ ላይ ዘርፉ አንድ ቀላል መንገድ አለው፦ ሐዘን የታፈነ እንፋሎት ነው፣ ክዳኑ ይከፈት፣ ሕመሙ ይውጣ። ይህ ምሳሌ ስለተደጋገመ ብቻ ሳይሆን ስለማይሠራም ልንተወው ይገባል። የአገራችን ሐዘን አንድ ጊዜ ተንፍሶ አያልቅም። የቀን መቁጠሪያ አለው፦ ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ መርዶ አለ። ሽማግሌዎች ዜናውን ይዘው ይቆያሉ፣ ዘመድ ያሰባስባሉ፣ ማለዳ ሄደው ይናገራሉ፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ። ድንኳኑ ውስጥ ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሙያ እያነሣች ታስለቅሳለች፤ ለቅሶ ደራሹ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ለሳምንት ምግብ ያመጣል። ለልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ የምዕራፍ አቀማመጥ አላውቅም። በቅርብ ዓመታት በአማራ ክልል በደረሰው ጦርነት ግን አስከሬኑ ያልተገኘ፣ መርዶው ያልተነገረ ሰው ብዙ ነው፤ መርዶ ካልመጣ ሠልስቱም አይቆጠርም። አባቷ የጠፋባት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የቀን መቁጠሪያው ሳይጀመርላት መኖር ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። በምናብ ዓለሙ ውስጥ ዜና በሽቦ የሚያደርስ ማሽን ይኖር ይሆናል፤ ጥያቄው መርዶን ማሽን ሊናገረው ይገባል ወይ የሚል ይሆናል።

ጎንደር ሌሎች የፈውስ ቤቶችም አሏት። ጠበሉ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዛር በጽሑፍ ከተመዘገበባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱም እዚሁ ነው፦ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 (እ.ኤ.አ.) በዳካር ጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ላይ ወራት ቆይቶ መልካም አየሁ የምትባለውን የዛር አዋቂ ቤት ዕለት በዕለት ጽፏል። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪው ሳይመን መሲንግ የጎንደሩን የዛር ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና አይቶ አጥንቶታል። በ1954 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ደራሲው ከእነዚህ አንዱን እውነተኛ ሌላውን ኋላ ቀር አድርጎ ከጻፈ መጽሐፉ ትምህርት ይሆናል እንጂ ልብ ወለድ አይሆንም፤ የሳንጃ እናት ልጇን ሰኞ ጠበል፣ ረቡዕ ክሊኒክ ትወስዳለችና።

የአማርኛው መደርደሪያ ምን ይዟል? የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» እና «የታንጉት ምስጢር»፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ሰጥተውናል፤ ሦስቱም የዚያን ዘመን ሐዘን ያውቁታል፤ የተጻፉት ግን ለአዋቂ ነው። ለሕፃናት ደግሞ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ «ኢትዮጵያ ሪድስ»ን መሥርቶ በ2003 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈተ። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው አንባቢ፣ ወይ ተረት ወይ የአዋቂ ፍቅር ታሪክ ይሰጠዋል። ክፍተቱ ውስጥ በድፍረት የገባው የበሥራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ ነው፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ሥዕል መንገዱን ከፍቷል፤ ቃል ሊከተለው ይገባል።

የኅትመት ዋጋ ለጀማሪ ደራሲ ከባድ ነው፤ ሳንጃ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጽሐፍ መደብሮች ሩቅ ናት። ነገር ግን የአማርኛ ልብ ወለድ በጆሮ የመጓዝ ልማድ አለው፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ከተረከ ወዲህ መጽሐፉን ሳይገልጥ የሚያውቀው ሰው ስንት ነው! ዛሬም ትረካ በኤፍ ኤም ጣቢያና በስልክ ይደመጣል። የቀጥቃጭ ልጅ ታሪክ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ፣ በሠልስቱ፣ በሰባቱ፣ በአርባው እየተከፈለ ቢተረክ፣ ሰሊጥ አጫጁ ሞባይሉ ላይ ጭኖት ወደ እርሻው ሊወርድ ይችላል።