ኮምፒዩተሩ ያወቀን ሲመስለን

በዐዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በቤቴል ሠፈር የምትኖሩ አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሕመም ባጋጠማችሁ ጊዜ ከሐኪሙ አስቀድሞ የምታገኙት ካርድ ክፍሉን ነው። በዚያ የተቀመጠው ሠራተኛ ስማችሁንና ዕድሜያችሁን ይጠይቃችኋል። ድሮ መልሱ በወረቀት ይሰፍር ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ሐኪም ቤቶች ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ይህ አጭር ጥያቄና መልስ ተራ ነገር ይመስላል። ሆኖም በኋላ የሚታዘዘው መድኃኒት ሁሉ የሚመሠረተው በእርሱ ላይ ነው።

የኮምፒዩተርን ጥቅም መካድ አይገባም። ካርዱ ጠፋ ተብሎ በሽተኛ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ አይውልም፤ የሐኪሙም ጽሕፈት አልነበብ ብሎ መድኃኒት ቤቱ አይቸገርም። መንግሥትም በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤና ዕቅድ ውስጥ «የመረጃ አብዮት» ከአራቱ ዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ ነበር። ነገር ግን መኪናው የድሮውን ስሕተት ሲያስወግድ ዐዲስ ስሕተት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የደረሰው ነገር ምስክር ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ አንድ ፍሬ ብቻ መውሰድ ሲገባው 38 ፍሬ ተኩል ዋጠ። ኮምፒዩተሩ የተጻፈለትን ቁጥር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት የታዘዘ አድርጎ ስለ ቆጠረው ነው። ማስጠንቀቂያ መስጠቱ አልቀረም፤ ግን በየቀኑ በጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ስለሚያስጠነቅቅ ሰሚ አላገኘም። ነርሷም ብዛቱ ቢያስደንቃት፣ መኪናው ትክክል ነው ስላለ አመነችው። ልጁ ራሱን ስቶ ተንዘፈዘፈ፤ እንደ ዕድል ሆኖ ግን ተረፈ።

በእኛ አገር ደግሞ የራሳችን የሆነ ችግር አለ። አስተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ «አበበ!» ተብሎ ሲጠራ ሁለት ሦስት ተማሪዎች «አቤት!» ይላሉ። የአባት ስም ተጨምሮ እንኳ የማይለዩ አሉ። በክፍል ውስጥ ይህ ያስቃል፤ በሐኪም ቤት ግን የአንዱ የደም ምርመራ ውጤት በሌላው ካርድ ላይ ቢሰፍር የሚያስቅ አይሆንም።

የዚህም ተቃራኒ አለ። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ ሴትዮዋ አንዲት ናት፤ ካልተማረ ኮምፒዩተር ዘንድ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ መልኩ ከዚህም ይበዛል። ስሟ ተፈልጎ ሲታጣ ዐዲስ ካርድ ይከፈትላታል፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የሚናገረው አሮጌው ካርድ ግን ማንም ሳያየው ይቀራል።

የዘመን አቆጣጠሩም ነገር እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን፣ ዓመቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሆኖ ከገባ፣ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርለታል። በዕድሜ ተለክቶ መድኃኒት የሚታዘዝለት ከሆነ ለትልቅ ልጅ የሚሆነውን ሊያገኝ ይችላል። እኛ ጧት «ሁለት ሰዓት» የምንለውም በፈረንጅ ሰዓት ሲነበብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ይህ ሁሉ የማይታረም አይደለም፤ የጤና ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሥርዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሠራ ተደርጓል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ጉዳቱ የሚመጣው መኪናውን ለአገሩ ሳያስማሙ በጥድፊያ ሥራ ላይ ሲያውሉት ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ የሚያገለግል ወረቀት ሳያዘጋጁ መዝገቡን ሁሉ ለኮምፒዩተር ማስረከብም ከዚሁ ይቆጠራል።

እንግዲህ ከበሽተኛውና ከአስታማሚው ምን ይጠበቃል? ስማችሁን ከነአባትና ከነአያት ተናገሩ፤ የካርድ ቁጥራችሁንም ያዙ። የልደት ዘመን ስትሰጡ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ግለጹ። የማይስማማችሁን መድኃኒት ሳትጠየቁም ተናገሩ። ከቤቴል ወደ አለርት ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ብትላኩ፣ በአንዱ ዘንድ የተጻፈው በሌላው ዘንድ ይታያል ብላችሁ አትተማመኑ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ብዛቱ ወይም መልኩ ከወትሮው የተለየ መድኃኒት ቢሰጣችሁም ሳትውጡ ጠይቁ።

ይህን መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። ያ የአሜሪካው ልጅ ያን ያህል ፍሬ በፊቱ ሲደረደር ከሰዎቹ አንዱ እንኳ ቆም ብሎ «ይህ ነገር ልክ ነው?» ብሎ ቢሟገት ኖሮ፣ ከዚያ ሥቃይ በዳነ ነበር።