ከሆስፒታል የወጣው ሕፃን መቼ ይመለስ?

ሕፃኑ ኦክስጅኑ ተነስቶለት፣ ጡት መሳብ ጀምሮ ወደ ቤት ሲሸኝ ቤተሰብ እፎይ ይላል። ጎረቤት «እንኳን እግዜር ማረላችሁ» ሊል ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሕፃኑም ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዘዋወራል። ሳንባው ግን ገና አላገገመም። ጭሱ፣ ጉንፋን የያዘው የጠያቂ ትንፋሽም ያንኑ ልጅ በቀናት ውስጥ ወደ አልጋው ሊመልሰው ይችላል።

በሕፃናት ላይ የሚታየው የአብዛኛው ሳል መነሻ ቫይረስ ነው። አር ኤስ ቪ የተባለው ለምሳሌ ለአዋቂ እንደ ጉንፋን ሆኖ ያልፋል፤ ከሁለት ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ ግን ቀጫጭኖቹን የአየር ቱቦዎች ያሳብጣል፣ በአክታ ይደፍናል። ሳሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ስለሳለ ብቻ አይደንግጡ። አንቲባዮቲክ በራስዎ ገዝተው አይስጡ፤ ቫይረስን አይገድልም። ሐኪም ያዘዘው ካለ ግን ልጁ ደኅና ቢመስልም ይጨርሰው።

ከሳሉ ይልቅ ትንፋሹን ይከታተሉ። ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገለጥ አድርገው ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ላለ 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗልና ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ከጎድኑ ሥር ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ አልነቃ ያለ፣ ምላሱ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም።

እንደ ደነባ ባለ አካባቢ «እስኪነጋ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ከሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ደነባ ከተማ ለመድረስ፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ለመሄድ መኪና መገኘት አለበት። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጡ «ሌሊት ቢብስበት ወዴት ልውሰደው?» ብለው ይጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ስልክ ይያዙ፤ የመውጫ ወረቀቱን አይጣሉ። ያለጊዜው የተወለደ፣ ስድስት ወር ያልሞላው፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም የከሳ ልጅ ከሆነ ቀጠሮው አንድም ቀን አይለፈው።

በደጋው ብርድ ቤት ዘግቶ ኩበት ማንደድ የተለመደ ነው፤ ብርዱ ያስገድዳል። ሕፃኑ ግን ምድጃው ካለበት ክፍል ይራቅ፤ ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ምግብ ሲበስል በሩ ይከፈት፣ ልጁም ተሸፍኖ ውጭ ይቆይ። ቅቤ ማዋጥ ይቅር፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም ሳል አያድንም፣ ደም ያፈሳል እንጂ።

ስድስት ወር ያልሞላው ጡት ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት ግን ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ምግብ የጀመረው ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይመገብ። ለቀጠሮ ሲሄዱ የክትባት ካርዱን ይያዙ። አንዱን የሳንባ ምች መንስኤ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ልጁ ታሞ ካመለጠው ባለሙያው ያስቀጥልለታል።