ያለ መዝገበ ቃላት

እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ በርጀስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» የተባለውን የመጪ ዘመን ልብ ወለድ ሲያሳትም፥ ባለታሪኩን ቃላቱ አብዛኛውን ከሩስኛ በተወሰዱ የወሮበሎች ቋንቋ አናገረው። በመጀመሪያው እትም የቃላት ፍች አልታከለም። አንባቢው «ድሩግ» ወዳጅ፥ «ሞሎኮ» ወተት መሆኑን ከነገሩ አካሄድ ራሱ ይደርስበታል። ጆሮ ግን ያታልላል፤ ተንኰሉም እዚህ ላይ ነው። «ሆረርሾው» የሚለው ቃል ለእንግሊዛዊ ጆሮ የአስፈሪ ትርኢት ስም ይመስላል፤ ፍቹ ግን ሩስያውያን «ሐራሾ» የሚሉት፥ «መልካም» ማለት ነው። ተሳስቶ የጀመረውን አንባቢ የሚያቀናው የቃሉ ደጋግሞ መምጣት ነው።

ሳራጊ፥ ኔሽንና ማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ይህንኑ መረመሩ። እንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱበት ሰዎች መጽሐፉን እንዲያነቡት ሰጡ፤ በቃላቱ እንደሚፈተኑ ግን አልነገሯቸውም። አንባቢዎቹ በኋላ በ90 ቃላት ሲፈተኑ በአማካይ ከመቶ 76 ያህሉን ዐውቀው ተገኙ።

ውጤቱ ያስደንቃል፤ ሆኖም ቃላትን በዝርዝር ማስጠናት ይቅር ለማለት ብቻውን አይበቃም። እነዚያ አንባቢዎች በእንግዳው ቃል ዙሪያ ያሉትን ቃላት አብዛኞቹን አስቀድመው ያውቁ ነበር። በባዕድ ቋንቋ ጀማሪ የሆነ ተማሪ ግን አንዱን እንግዳ ቃል በሌላ እንግዳ ቃል ሊፈታ አይችልምና፥ ያው መጽሐፍ ለእርሱ መዝገበ ቃላት ሳይዝ የሚዘለቅ አይደለም።